ሜትሩን ያጠፋው ሰውዬ

ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ የነዳ ሐበሻ ሁሉ 14ኛው መንገድ ላይ ያለውን የሆሎኮስት ሙዚየም በር ያውቀዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናዚ ጀርመን የፈጀቻቸው አይሁዶች መታሰቢያ ነው። እኔም ለስድስት ዓመት እዚያ በር ላይ ሰው አውርጃለሁ፣ ሰው ጭኛለሁ። ከአየርና ጠፈር ሙዚየም የምትጭናቸው ሰዎች ሌላ ናቸው። ልጆቹ ሮኬት ሮኬት እያሉ መኪናውን ያፈርሱታል። ከዚህኛው በር የሚወጡት ግን ዝም ብለው ይገባሉ፤ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። «የት ልውሰዳችሁ?» ስትል ነው ገና አድራሻቸው ትዝ የሚላቸው።

እኔ ራሴ አንድም ቀን አልገባሁም ነበር። መግቢያው ነጻ ነው፤ ስለዚህ የገንዘብ ሰበብ የለኝም። እውነቱን ለመናገር ትከሻ አልነበረኝም። ከአገር ቤት ስልክ ሲደወል ገና ሳላነሳው ሆዴ ይርበተበታል። በዚያ ላይ የሌላ ሕዝብ ሐዘን ልጨምር? ይቅርብኝ፣ እል ነበር።

የገባሁት አንድ የጥር ማክሰኞ ነው። ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል፣ ሥራ የለም። ሲያስገቡህ ትንሽ ደብተር የመሰለች መታወቂያ ይሰጡሃል፤ የእውነተኛ ሰው ታሪክ ናት። ከዚያ ብረት ለበስ ሊፍት አራተኛ ፎቅ ያወጣህና ወደ ታች እየወረድክ ታያለህ። ሁሉንም አልተርክላችሁም። ማይዳኔክ ከሚባለው የሞት ካምፕ የመጣ የጫማ ክምር አለ። የወንድ፣ የሴት፣ የሕፃን። ሽታ አለው። ከዚያ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥኩና ቁልፉን ሳላዞር ብዙ ቆየሁ። ለካ የተሳፋሪዎቼ ዝምታ ይሄ ነው።

ማታ ቤት ገብቼ የሙዚየሙን ድረ ገጽ ስጎረጉር ነው ሹራቧን ያየኋት። አረንጓዴ ናት። በእጅ የተሠራች፣ የትንሽ ልጅ። ከሥሯ ያለውን ጽሑፍ አነበብኩ፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ እያልኩ ሌሊቱ ነጋ። ሹራቧን የሠሩት የልጅቷ አያት ናቸው። አያትየው ከጦርነቱ አልተረፉም። ልጅቷ ተርፋለች፤ ሹራቧን ለብሳ 14 ወር ከከተማ በታች፣ የፍሳሽ ቱቦ ውስጥ ኖራ።

እስቲ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅቷ ክሪስቲና ኺገር ትባላለች። የተወለደችው በ1935 ልቩፍ በሚባል ከተማ ነው። ከተማዋ ያኔ ፖላንድ ነበረች፤ ዛሬ ልቪቭ ተብላ ዩክሬን ውስጥ ናት። ከነዋሪዎቿ ከመቶ ሺህ በላይ የሚሆኑት አይሁድ ነበሩ። አባቷ ኢግናሲና እናቷ ፓውሊና የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። ኑሯቸው የሞላ ነው። ከእሷ በታች ፓቬል የሚባል ወንድም አላት፤ በ1939 የተወለደ። የዚያው ዓመት መስከረም ጦርነቱ ፈነዳ፣ ከተማዋን ሶቪየቶች ያዟት። ሰኔ 1941 መጨረሻ ላይ ደግሞ ጀርመኖች ገቡ። እንደገቡ ግድያ ተጀመረ። በዓመቱ መጨረሻ አይሁዱን ሁሉ ጌቶ ወደሚባል የታጠረ ሰፈር መሰብሰብ ጀመሩ። ነሐሴ 1942 ላይ ብቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በባቡር ተጭነው ቤልዜትስ ወደሚባል ካምፕ ተወሰዱ። ቤልዜትስ ሥራ የሚሠራበት ካምፕ አልነበረም። ሰው የሚወርደው ሊገደል ነው።

ኢግናሲ እጁ ሥራ የሚያውቅ ሰው ነበር። በየሄዱበት ቤት መደበቂያ ይሠራል። ከመስኮት ሥር፣ ከሐሰተኛ ግድግዳ ጀርባ፣ ትልቅ ሰው በማይጠረጥረው ጥበት ውስጥ። እሱና ሚስቱ ለግዳጅ ሥራ ሲወጡ ሁለቱ ልጆች እዚያ ይገባሉ። ሰባት ዓመት ያልሞላት ልጅ ሦስት ዓመት የሆነውን ወንድሟን ይዛ ጨለማ ውስጥ ቀኑን ሙሉ። ማልቀስ የለም። ማሳል የለም። ሽንት ቤት የለም።

እዚህ ጋ ቆምኩ። የእኔ ትንሹ ያኔ አራት ዓመቱ ነበር። አፓርታማችን ሁለተኛ ፎቅ ነው፤ ከታች ያሉት ጎረቤቶች ልጁ በሮጠ ቁጥር ኮርኒሳቸውን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድባሉ። አንድ ቅዳሜ «ለአምስት ደቂቃ ብቻ ዝም በል» ብዬ ልጄን ለመንኩት። አይስክሬም ቃል ገባሁለት። ስልኬን ሰጠሁት። በመጨረሻ ተቆጣሁት። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞላም። አራት ዓመት ልጅ ዝም የሚለው ሲተኛ ወይም አንድ ነገር ሲያበላሽ ነው። ፓቬልን ምን ዓይነት ፍርሃት ነው እንደዚያ ዝም ያሰኘው? እናቱ ምን ብላ ነው ያስተማረችው? አሁንም አሁንም ይመጣብኛል።

ግንቦት 1943 ላይ ጌቶው ሊጠፋ እንደሆነ ሁሉም ገብቶታል። ኢግናሲና ጥቂት ሰዎች ከአንድ ቤት ምድር ቤት ተነስተው መቆፈር ያዙ። መሣሪያቸው ማንኪያና ሹካ ነበር። ወለሉን በስተው የከተማው የፍሳሽ ዋሻ ጋ ደረሱ። ልቩፍ ከሥሯ ወንዝ አላት፤ ፖልትቫ ይባላል። ድሮ ከላይ ይፈስ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከተማው ሲያድግ ሸፈኑትና የፍሳሽ ማስወገጃ ሆነ። ቆፋሪዎቹ ታች ወርደው ሲቃኙ ፋኖስ የያዙ ሦስት የከተማው ቱቦ ሠራተኞች ላይ ወደቁ።

በዚያ ዘመን ይህ ማለት አለቀ ማለት ነው። ጀርመኖች በያዟት ፖላንድ ከጥቅምት 1941 ጀምሮ ከጌቶ የወጣ አይሁድም፣ እሱን ያስጠለለ ሰውም ቅጣቱ ሞት ነው። ጠቋሚ ደግሞ ይሸለማል። በዚህ ብቻ የሚተዳደሩ ሰዎች ነበሩ፤ የተደበቀን እያነፈነፉ ገንዘቡን አልበው ሲያበቁ አሳልፈው የሚሰጡ። ፖላንዶች ስም አውጥተውላቸዋል፤ ሽማልትሶቭኒክ። ስሙ ከአሳማ ሞራ የመጣ ነው። ስም ማውጣት እንዲህ ነው።

ከሦስቱ ሠራተኞች አንዱ ሌዎፖልድ ሶኻ ነው። ሶኻ ከጦርነቱ በፊት ሌባ ነበር። ማሽሞንሞን አያስፈልግም፤ ሌባ ነው፣ ታስሯል። ቱቦውን እንደ መዳፉ ያውቀዋል፤ አንዳንዶች የሰረቀውንም እዚያ ነበር የሚደብቀው ይላሉ። እሱ በቀዳዳው ብቅ ብሎ ምድር ቤቱን ሲያይ ፓውሊና ሁለቱን ልጆች ጫጩት እንደታቀፈች ዶሮ ሸፍና ተቀምጣለች። አየና እሺ አለ።

በነጻ ግን አይደለም። በቀን 500 ዝሎቲ፣ በፖላንድ ገንዘብ፤ ለሦስቱ የሚካፈል። ዋናው ከፋይ ኢግናሲ ነው፤ ለክፉ ቀን ደብቆ ካስቀመጠው።

ይህን ታሪክ የነገርኳቸው ሰዎች እዚህ ጋ ሲደርሱ ፊታቸው ይቀየራል። «ኤጭ፣ ለገንዘብ ነው እንዴ!» እኔ ግን ደስ ያለኝ እዚህ ጋ ነው። ታክሲ ነጂ ነኝ። ሜትር ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሰውየው ራሱን አደጋ ላይ ጥሎ ቆጣሪውን ከፈተ። ከመሬት ተነስቶ ክንፍ ያወጣ መልአክ ቢሉኝ ኖሮ ታሪኩን አንብቤ እተኛ ነበር። እንደኔ ሒሳብ የሚያሰላ ሰው መሆኑ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ጌቶውን ማጥፋት የጀመሩ ሌሊት ቤተሰቡ ወረደ። ከላይ ተኩስና ጩኸት፣ ከታች ድቅድቅ ጨለማና የወንዝ ጩኸት። ክሪስቲና ወንዙን ሳታየው ነው የሰማችው። መሄጃው ጠባብ የድንጋይ ጠርዝ ነው፣ የሚያንሸራትት። እነሱ ብቻ አልነበሩም። ነፍሱን ለማዳን ወደ ቱቦው የገባው ሰው ብዙ ነው፤ ውሃው የወሰደው ብዙ ነው። ሶኻ «እይዛለሁ» ያላቸው ሰዎች 21 ያህል ነበሩ።

14 ወር ሲባል በወሬ ቀላል ነው። እስቲ አንዷን ነገር ብቻ፣ ውሃን፣ ጠጋ ብለን እንያት። በዙሪያቸው የሚፈሰው ሁሉ የማይጠጣ ነው። ንጹሕ ውሃ የሚንጠባጠብበት ቦታ ሩቅ ነው። እዚያ ለመድረስ አንድ ጎልማሳ ሰው ትከሻው እንኳ በቅጡ በማያልፍበት ቱቦ ውስጥ በሆዱ ይሳባል። እጁ ለመሳብ ያስፈልገዋል። ስለዚህ የማንቆርቆሪያውን እጀታ በጥርሱ ነክሶ ይሄዳል። ሲመለስም ሞልቶ፣ በጥርሱ ነክሶ። በየቀኑ። የክሪስቲና አጎት በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ወንዙ ውስጥ ወድቆ ውሃ ወስዶታል።

አይጦቹ ብዛታቸው ለጉድ ነው። ዳቦ መሬት ላይ አይቀመጥም፤ ይሰቀላል። ፓቬል መጀመሪያ ፈራቸው፣ በኋላ ግን ለመዳቸው። አራት ዓመት ልጅ ነው፤ ያለው መጫወቻ እሱ ነው። መብራታቸው የካርባይድ ፋኖስ ናት። ሶኻና ባልደረቦቹ በየጊዜው ምግብ ይዘው በየተለያየ መግቢያ እየገቡ፣ በቱቦ ውስጥ ረጅም መንገድ እየተሳቡ ይመጣሉ። ሁሌ በአንድ ማንሆል ቢገቡ ይታወቅባቸዋላ። ሶኻ ለራሱ የቋጠረውን ምሳ ለልጆቹ ይቆርሳል። ጋዜጣ ያመጣል። ከመሃላቸው አጥባቂ ሃይማኖተኛ ነበር፤ ለእሱ ከባዶው ጌቶ የጸሎት መጽሐፍ ፈልጎ አመጣለት። ለፓውሊና ደግሞ የሰንበት ሻማ። ዓርብ ማታ፣ አይጥና ፍሳሽ መሃል፣ ሻማ አብርታ ሰንበትን ትቀበላለች። ካቶሊክ ነው ሻማውን ያመጣላት፤ ያውም ሌባ ካቶሊክ።

ከመሃላቸው አንዲት ነፍሰ ጡር ነበረች። እዚያው ወለደች። ሕፃኑ ያለቅሳል። ከላይ ሰው ይሄዳል። ሶኻ ሕፃኑን የሚወስድበት ቦታ ሊፈልግ ወጣ። እናትየው ግን አልጠበቀችም። ይህን ሁለት መስመር ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል፤ ከዚህ በላይ አልጨምርበትም።

አንዳንዶቹ አልቻሉም። «እዚህ ከምሞት ፀሐይ አይቼ ልሙት» ያሉ ወጡ። የወጡት አልኖሩም። በአንድ ወቅት ደግሞ ከላይ ዝናብ ወርዶ ቱቦው ሞላ። ውሃው ወገብ፣ ደረት፣ አንገት ደረሰ። ልጆቹን ከፍ አድርገው ያዟቸው። ሃይማኖተኛው ሰውዬ ይጸልያል። ውሃው ቆመ፤ ቆይቶ ወረደ።

ክሪስቲና ደግሞ የሆነ ጊዜ ላይ ዝም አለች። በፊት እንዲደበቁ ሲባል የተማረችው ዝምታ አይደለም። መብላት ተወች። መናገር ተወች። ጥግ ይዛ ትቀመጣለች። ወላጆቿ የሚሉት ጠፋቸው። ሶኻ ይህን ሲያይ ልጅቷን ይዞ በቱቦው ውስጥ ረጅም መንገድ ሄደ። አንድ ማንሆል ሥር ሲደርስ ከፍ አድርጎ አነሳት። በክዳኑ ቀዳዳ ብርሃን ይገባል። የቀን ብርሃን። ትንሽ አየር። እንድትተነፍስ አደረጋት። አንድ ቀን ተመልሳ እንደምትወጣ ነገራት። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ተመለሰች።

እንግዲህ ለዚህ ዋጋ አውጡለት። 500 ዝሎቲው ውስጥ ይህ አለ? ውሉ ቦታና ምግብ ነው። ልጅ አቅፎ ብርሃን ማሳየት ውሉ ውስጥ የለም።

ገንዘቡ አለቀ። አንድ ቀን ማለቁ አይቀርም ነበር፤ የጨርቅ ነጋዴ የደበቀው ስንት ዓመት ይዘልቃል? በዚያን ጊዜ ለሶኻ ሦስት መንገድ ነበረው። አንደኛው መጠቆም ነው፤ ሽልማትም አለው። ሁለተኛው ደግሞ ዝም ብሎ መቅረት ነው። በጣም ቀላሉ እሱ ነው። ማንም አይወቅሰው። አልገደለም፣ አልጠቆመ፤ ቀረ ብቻ። ከታች ያሉት ሰዎች በሳምንት በሁለት ሳምንት ራሳቸው ያልቃሉ። ሦስተኛው ከራሱ ኪስ ዳቦ እየገዛ መመላለስ ነው። ሶኻ ይህን ሦስተኛውን ያዘ። ሁለቱ ባልደረቦቹ፣ ስቴፋን ቭሩብሌቭስኪና ዬዢ ኮቫሉፍም አብረውት ዘለቁ።

እኔ አንድ ጊዜ ሜትር አጥፍቻለሁ። አንዲት አሮጊት ከሐኪም ቤት ስመልሳቸው በሰልፍ ምክንያት መንገድ ተዘግቶ ዙሪያ ጥምጥም ስንዞር ቆጣሪው ሲሮጥ አዩና ቦርሳቸውን ይዳብሱ ጀመር። አጠፋሁት። አሥራ አንድ ዶላር ምናምን ነው የቀረብኝ። ይህን ታሪክ ለስንት ሰው እንዳወራሁት ብትቆጥሩ ትስቃላችሁ። ባለቤቴ «አሮጊቷን ጀመረልሽ» እያለች እህቷን ትጠቅሳለች። አሁንም ይኸው ጻፍኩት።

ሶኻ ሜትሩን ያጠፋው በአሥራ አንድ ዶላር አይደለም። ሚስት አለው፣ ትንሽ ሴት ልጅ አለችው። ቢያዝ ሦስቱም ናቸው። ለምን አደረገው ብለው ብዙ ሰዎች ይመራመራሉ። ለሠራው ኃጢአት ንስሐ ነው የሚሉ አሉ፤ እሱ ራሱም በዚህ ዓይነት እንደሚያስበው ክሪስቲና ተናግራለች። አልክድም። እኔ ግን የሹፌር ግምቴን ልናገር። ሰው ሲመላለስ ይለመዳል። አንድ ሰው በየቀኑ ብትጭን ከጊዜ በኋላ ተሳፋሪ መሆኑ ይቀራል። ልጁ ታመመ እንዴ ትላለህ። ዛሬ ለምን ቀረ ትላለህ። ሶኻ ደግሞ በዚያ ጨለማ እየተሳበ፣ ዳቦ እየቆረሰላቸው፣ ልብሳቸውን እየወሰደ ወራት አልፈዋል። ገንዘቡ ሲያልቅ እነዚያ ሰዎች ተሳፋሪ አልነበሩም።

ሐምሌ 27 ቀን 1944 ሶቪየቶች ከተማዋን ያዙ። በማግስቱ ሶኻ ማንሆሉን ከፈተ።

በዚያ ቀዳዳ የወጡት አሥር ሰዎች ናቸው። ከ21። ከመካከላቸው እናት፣ አባትና ሁለት ልጆች፤ አራቱም። በዚያች ከተማ ሙሉ ቤተሰብ ሆኖ የተረፈ ለመፈለግ ብትወጣ ብዙ ትደክማለህ። ሰፈርተኛው ተሰብስቦ ያያል። የጎበጡ፣ ቀለማቸው የሌለ፣ ልብሳቸው የረገበ ሰዎች ከመሬት ይወጣሉ። ሶኻ መሃላቸው ቆሟል። እነዚህ የእኔ አይሁዶች ናቸው፣ ይህ የእኔ ሥራ ነው፣ ይል ነበር፤ ለተሰበሰበው ሰው በኩራት።

ልጆቹ ማየት አልቻሉም። ለክሪስቲና ዓለሙ ሁሉ ቀይ ነበር፤ የፎቶ ኔጋቲቭ ወደ ብርሃን ይዘህ ስታየው እንደሚመስለው። ፓቬል ደግሞ አለቀሰ። ሰዉን ፈራ፣ ብርሃኑን ፈራ። ወደ ታች መልሱኝ አለ። አምስት ዓመቱ ነው። የሚያስታውሰው ዓለም ያ ነው። ቤቱ እዚያ ነው።

ሶኻ ብዙ አልቆየም። ከጦርነቱ በኋላ ድንበሩ ተቀየረ፣ ከተማዋ ከፖላንድ እጅ ወጣች፤ እሱም ግሊቪትሴ ወደምትባል የፖላንድ ከተማ ሄደ። ግንቦት 1946 ላይ ከልጁ ጋር ብስክሌት እየነዱ ሳለ የሶቪየት ጦር ከባድ መኪና መጣባቸው። ልጁን ከመንገዱ ገፋት። እሷ ተረፈች። እሱ እዚያው ሞተ። በዚያን ጊዜ «አይሁድ በማዳኑ እግዚአብሔር ቀጣው» ያለ ሰው እንደነበር ይነገራል። እንግዲህ ምን ይባላል። አገር ቤትም እንዲህ ዓይነት ሰው ለቅሶ ላይ አይጠፋም፤ ንፍሮውን እየበላ ፍርድ የሚሰጥ።

ኢየሩሳሌም የሚገኘው የሆሎኮስት መታሰቢያ ተቋም፣ ያድ ቫሼም፣ በ1978 ሶኻንና ሚስቱን ማግዳሌናን «የአሕዛብ ጻድቃን» ብሎ መዝግቧቸዋል። ራሳቸውን ለአደጋ ሰጥተው አይሁዳውያንን ላዳኑ፣ አይሁድ ላልሆኑ ሰዎች የሚሰጥ ማዕረግ ነው። እስራኤል ያላችሁ ወገኖቼ ቦታውን ታውቁታላችሁ።

ኺገሮች ወደ ክራኮቭ ሄዱ። በ1957 እስራኤል ገቡ። ክሪስቲና ጥርስ ሐኪም ሆነች። ቆይታም ወደ ኒውዮርክ መጣች፤ ትዝታዋንም በመጽሐፍ አሳተመች። ወንድሟ ፓቬል፣ ያ ሁሉ አልፎለት፣ እስራኤል ውስጥ በውትድርና ላይ ሳለ በአደጋ ሞተ። ገና አርባ አልሞላውም ነበር። ይህን ሳነብ ተናደድኩ። በማን እንደሆነ አላውቅም፣ ብቻ ተናደድኩ።

ሹራቧ ግን አለች። ክሪስቲና ስንት አገር ስትቀያይር ይዛት ዞራለች። በመጨረሻ ለዋሽንግተኑ ሙዚየም ሰጠቻት። አንዲት አሜሪካዊት ሹራብ ሠሪ እንኳ ቀርባ አጥንታት፣ ሌሎች ሰዎች እንዲሠሯት ንድፉን አውጥታለች። እናቴ ቢኖሩ ፎቶውን ብቻ አይተው ይሠሯት ነበር። ከአገር ስወጣ የሠሩልኝ ግራጫ ሹራብ አሁንም ሻንጣ ውስጥ አለ። ሆዴ ስለማያስገባው አልለብሰውም፤ ግን አይጣልም።

ባለፈው እሑድ ፎቶዋን ከፍቼ ስመለከት ልጄ መጥታ ትከሻዬ ላይ ተንጠለጠለች። ሰባት ዓመቷ ነው።

«የማን ናት አባዬ?»

«አንቺን የምታክል ልጅ ነበረች። የእሷ ናት።»

ከብዙ ጊዜ በፊት ክፉ ሰዎች ሊገድሏቸው ሲፈልጉ ከነቤተሰቧ ቱቦ ውስጥ እንደተደበቀች፣ ከአንድ ዓመት በላይ እዚያ እንደኖረች፣ ሹራቧን ለብሳ እንደነበር፣ በልኩ ነገርኳት። የሕፃኑን ነገር ዘለልኩት። አይጦቹን ነገርኳት፤ እነሱን ወደደቻቸው። ከዚያ ስልኩን ከእጄ ወስዳ ፎቶዋን በጣቶቿ ለጥጣ አየቻት።

«ታዲያ ቱቦ ውስጥ ከነበረች ለምን አልቆሸሸችም?»

«ልብሳቸው ይታጠብ ነበር።»

«እዚያ ውስጥ? ማን ያጥብላቸዋል?»

ሶኻ በየሳምንቱ የቆሸሸ ልብሳቸውን ይዞ ይወጣ ነበር። ቤቱ ወስዶ ለሚስቱ ይሰጣታል፤ ታጥቦ ሲደርቅ መልሶ ያመጣላቸዋል። የቱቦ ሠራተኛ ሚስት ናት፤ የቆሸሸ ልብስ ለእሷ ብርቅ አይደለም። ግን ያን ሁሉ ልብስ የት አሰጣችው? ሴት ልጅ ስላለቻቸው ለክሪስቲና ልብስ ሰበብ አይጠፋም። የትንሹ ልጅ ሱሪስ? ጎረቤት «ወንድ ልጅ መቼ ወለዳችሁ?» ቢላትስ?

«ማግዳሌና የምትባል ሴትዮ» አልኳት።